«መታወቂያ አምጣ» የሚል ሲጠፋ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ከወጡ ቆይተዋል። ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ጠባብ የስፖርት ውርርድ (ቤቲንግ) ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው ወንዶች ልጆች አንጋጠው ቆመዋል። አንደኛው የዩኒፎርሙን ሹራብ ገልብጦ ለብሷል፤ የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይታይ ነው። ጺሙ ገና አልበቀለም። ጨዋታው ሲያልቅ ላብ ያራሳትን ትኬት ጨምድዶ ጣለና «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ!» አለ። ወዲያው ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ዕድሜውን አልጠየቀውም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አይቼ ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታዬ ነው።

የታዳጊዎች ነገር በተነሳ ቁጥር «የዛሬ ልጆች ተበላሹ» ማለት ይቀናናል። ወላጅ መምህሩን ይወቅሳል፤ መምህሩ ወላጁን፤ ሁለቱም ስልኩን። ጫት ቤቱን፣ ሺሻ ቤቱን፣ ቤቲንግ ቤቱን የከፈተው ግን ልጅ አይደለም። ቤቱን ያከራየው፣ ፈቃዱን የፈረመው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው አዋቂ ነው።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በፈቃድ የሚሠራው የስፖርት ውርርድም ከ21 ዓመት በታች ላሉ ክልክል ነው። በ2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ቤቲንግ ቤቶችን ወደ መዝጋት ሲገባ ብዙ ወላጅ እፎይ ብሎ ነበር። ውርርዱ ግን ስልክ ውስጥም ገባ። ገንዘቡም በሞባይል ይከፈላል። ድሮ ልጇን ከቤቲንግ ቤት ደጅ የምትጎትት እናት አሁን «ተመስገን፣ ልጄ ቤት ዋለልኝ» ትላለች። እሱ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እየተወራረደ ነው።

ልጆቹን የሚስባቸውን ሒሳብ አብረን እናስላው። እያንዳንዳቸው 1.5 ኦድ (ብሩ የሚባዛበት ቁጥር) ያላቸው 10 ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት የቆረጠ ልጅ፣ አሥሩም ከተሳኩለት 20 ብሩ 1,153 ብር ይሆንለታል። ለአንድ ተማሪ ይህ ጫማ ነው። ትኬቱ የማይነግረው ሌላውን ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ግምት የመሳካት ዕድሉ ከሦስት ሁለት እጅ ነው ብንል እንኳ፣ አሥሩም በአንድ ላይ የሚሳኩት ከ100 ጊዜ ሁለቴ ላልሞላ ነው። አወራራጁ ድርጅት ትርፉን ከኦዱ ላይ ስለሚቀንስ እውነተኛው ዕድል ከዚህም ያንሳል። ዘጠኙ ተሳክተው አሥረኛው ሲከሽፍ ደግሞ ልጁ «ተሸነፍኩ» አይልም፤ «ለጥቂት!» ይላል። ነገ የሚመልሰው ይህ «ለጥቂት» ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ አዋቂን የሚፈትን ነገር ልጅን ይጥለዋል።

«ለምን አያጠናም?» የሚል ካለ፣ ልጁ በዓይኑ ያየውን ይመልከት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ታላቅ ወንድሙ ከመቶው ከቀሩት 97ቱ አንዱ የሆነበት ልጅ፣ ትምህርትንም ትኬትንም በአንድ ዓይን ቢያይ አይገርምም። በእርግጥ ተሳስቷል። ፈተና በጥናት ይሻሻላል፤ ትኬት በጥናት አይሻሻልም። ግን ልዩነቱን የሚያሳየው፣ ክፍሉ ያልተጨናነቀ ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፍበት ሜዳና ቤተ መጻሕፍት ማን ሰጠው?

ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው ማለት ቀላል ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። በልጆቻችን ጉዳይ ግን ሃምሳችንም ሌላው ያነሳዋል ብለን ሎሚዎቹን መሬት ላይ ትተናቸዋል። ድርሻችንም እኩል አይደለም። ሁለት ቦታ ሠርታ የምትገባ እናትና ከልጇ ኪስ የሚያተርፍ ነጋዴ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ልጁም ቢሆን ከጥፋቱ ነጻ ነው አልልም፤ ለውርርድ ከእናቱ ቦርሳ ገንዘብ ከወሰደ ማመን፣ ይቅርታ መጠየቅና መመለስ አለበት። ከሁሉ የከበደው ሸክም ግን «አይሆንም» ማለት የሚችለውና ያላለው ሰው ላይ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው፣ ተቆጣጣሪው፣ አከራዩ፣ ሻጩ።

ያ ሹራቡን ገልብጦ የለበሰ ልጅ 21 ዓመት እንደሞላው የሚያሳይ መታወቂያ የለውም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰው «መታወቂያ አምጣ» ቢለው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ስልኩ ላይ የሚያወራርደው ድርጅትም መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው። እነሱ ካልጠየቁ ደግሞ በሩ ላይ የቆምን እኛ እንጠይቅ። በልጅነታችን ከጫት ቤት ደጅ ስንገኝ ስማችንን ጠርተው ወደ ቤት የሚመልሱን እማማና አባባ ዘመዶቻችን አልነበሩም፤ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ብዬ አላልፍም።