በበረዶ የረጋ እርጎና ፍራፍሬ በቤት ውስጥ ስለ ማዘጋጀት

በወተት ንግድ የተሰማሩ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀኖች በገቡ ጊዜ ላሟ እንደ ወትሮዋ ትታለባለች፤ የወተቱ ገዢ ግን ይቀንሳል። የፍራፍሬ ነጋዴም በበኩሉ ይህን የሚመስል ወራት አለው፤ ይኸውም ማንጎ በአንድ ጊዜ በስሎ ገበያውን ሲሞላው፣ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ ልጡ ጠቍሮ የሚጣልበት ጊዜ ነው። ወተቱን አርግቶ፣ የበሰለውን ፍራፍሬ ፈጭቶ፣ ሁለቱን ባንድነት በፍሪዘር ማስቀመጥ ለሁለቱም ኪሳራ መጠነኛ መድኃኒት ከመሆኑም በላይ፣ ለልጆች ከከረሜላ የሚሻል መክሰስ ያስገኛል። ጿሚው ቤተ ሰብ እንኳ በጾሙ መካከል አዘጋጅቶ ቢያስቀምጠው እስከ ፋሲካ ድረስ ይቈይለታል።

ይህ ዓይነቱ ምግብ በመደብር መሸጥ የጀመረው በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። በ1981 ዓ.ም. በአርካንሳስ ግዛት በሊትል ሮክ ከተማ ሥራውን የጀመረው ቲሲቢዋይ የተባለው ድርጅት ንግዱን በስፋት ካስተዋወቁት አንዱ ሆኗል። ገዢው ሕዝብ የወደደው ከአይስክሬም ይልቅ ቅባቱ አነስተኛ ስለ ሆነ ነው፤ ሆኖም በመደብር የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ስኳር የበዛበት መሆኑ አይካድም። ምክንያቱም ብርድ ምላስን ስለሚያደነዝዝ፣ ሳይቀዘቅዝ የሚበቃው ጣፋጭነት ከቀዘቀዘ በኋላ አይበቃም። በቤት የሚያዘጋጅ ሰው ግን የስኳሩን መጠን በእጁ ይዟል፤ በደንብ የበሰለ ሙዝና ማንጎ ካገኘም ስኳር ጨርሶ ላያስፈልገው ይችላል።

ከጣዕሙ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የወተቱ ነገር ነው። በኢትዮጵያ እርጎ ከጥንት ጀምሮ የሚረጋው ካልፈላ ወተት ነው። ወተቱ በወይራ ጢስ በታጠነ ቅል ወይም በሌላ ዕቃ ይገባል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜም በራሱ ይረጋል። ጢሱ ለእርጎው መልካም ሽታ ከመስጠቱ ሌላ የአንዳንድ ተሐዋስያንን መራባት ይገታል፤ የእርጎው ኮምጣጣነትም እንደዚሁ። ባለሙያዎቹ እናቶች ይህን ዘዴ በልምድ ማግኘታቸው የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ጢሱም ሆነ ኮምጣጣነቱ በወተት የሚተላለፉትን የሳንባ ነቀርሳንና የብሩሴሎሲስን ጀርሞች ፈጽሞ ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። በከተሞች ዙሪያ በሚገኙ የወተት ላሞች መንጋ ውስጥም የከብት ሳንባ ነቀርሳ መኖሩ በተደጋጋሚ በጥናት ታውቋል።

ብዙ ሰዎች በረዶ ጀርምን ይገድላል ብለው ያምናሉ። ይህ ስሕተት ነው። ቅዝቃዜ ተሐዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ ሁሉንም አያጠፋቸውም፤ በረዶው በሕፃኑ አፍ ውስጥ በቀለጠ ጊዜ ይነቃሉ። በዚሁ ምክንያት ጠቃሚዎቹ የእርጎ ተሐዋስያንም ብዙዎቹ ብርዱን ችለው ይተርፋሉ፤ ይህ ለጠቃሚዎቹ መልካም ዜና ቢሆንም ለጐጂዎቹም ያው ነው። ስለዚህ ጀርሙን የሚያጠፋው እሳት ከበረዶው በፊት መቅደም አለበት። ከፈረንሳዊው ሊቅ ከሉዊ ፓስተር የተወረሰው ደንብ ወተቱን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ማቈየት ነው። ሙቀት መለኪያ በሌለበት ቤት ግን ወተቱን እያማሰሉ ገንፍሎ እስኪነሣ ድረስ ማፍላት ይበቃል። ማፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሙቀቱ የወተቱን ፕሮቲን ስለሚለውጠው እርጎው ወፍራም ሆኖ ይረጋል።

የፈላ ወተት ግን እንደ ጥሬው በራሱ በደንብ አይረጋም፤ እሳቱ ጐጂውን ብቻ ሳይሆን የሚያረጋውንም ገድሎታልና። እርሾ ያስፈልገዋል። ከዚህ ላይ ጠንቃቃዋ የቤት እመቤት እንኳ ልትሳሳት ትችላለች፤ ወተቱን በሚገባ አፍልታ ካበረደች በኋላ ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ጭልፋ ጨምራ ብታረጋው፣ በእሳት ያስወጣችውን ጀርም በጭልፋው መልሳ አስገባችው ማለት ነው። የመጀመሪያው እርሾ በፋብሪካ ከተዘጋጀ፣ ፓስቸራይዝድ ከሆነና ስኳር ካልገባበት እርጎ ይወሰድ፤ ከዚያ በኋላ ከራሷ እርጎ ጥቂት ጥቂት እያስቀረች ልትቀጥል ትችላለች። ለአንድ ሊትር ወተት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ይበቃል። የፋብሪካው እርሾ 43 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚወድ፣ ወተቱ ጣት ሳያቃጥል ሞቅ ብሎ ሳለ እርሾውን ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ማሳደር ነው።

በማግስቱ የረጋው እርጎ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ ከበታቹ ዕቃ ተደርጎለት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይንጠልጠል። ከአንድ ሊትሩ ግማሽ ኪሎ ግድም ወፍራም እርጎ ይቀራል። አጓቱ አይደፋም፤ ለሊጥ ማቡኪያ ይሆናል። ይህን የማጥለል ሥራ ዘሎ ማለፍ አይገባም። በበረዶ የረጋ እርጎ በጥርስ የማይደፈር ድንጋይ የሚሆነው በውስጡ ያለው ውሃ በዝግታ ሲረጋ ትልልቅ የበረዶ ፍንካች ስለሚሠራ ነውና፣ ውሃው ባነሰ መጠን ፍንካቹ ያንሳል። ስኳርና ማር ደግሞ ውሃው የሚረጋበትን ነጥብ ዝቅ ስለሚያደርጉ መክሰሱን ያለሰልሱታል፤ ቅባቱ ካልተገፈፈ ወተት የተሠራ እርጎም ከተገፈፈው ይልቅ ለአፍ የለሰለሰ ነው።

ለግማሽ ኪሎው እርጎ ሁለት የበሰሉ ሙዞችና አንድ መካከለኛ ማንጎ ይበቃሉ። የአርባ ምንጭ ሙዝ ልጡ ነቁጥ አውጥቶ ነጋዴው ዋጋውን የሚቀንስበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በዚያን ጊዜ ስታርቹ ወደ ስኳር ተለውጧልና። ተልጦና ተቈራርጦ አስቀድሞ በፍሪዘር የረጋ ሙዝ በመፍጫ ሲመታ ያለ ወተት እንኳ እንደ ክሬም ይለሰልሳል፤ ለጾም ቀን የሚሆን መክሰስ የፈለገ ሰው ሙዝንና ማንጎን ብቻ እንዲህ አድርጎ መሥራት ይችላል። እንጆሪ በደንብ ከታጠበ ያማረ ቀለም ይሰጣል፤ አቮካዶም ቅባቱ ስለ በዛ ይስማማል።

ፓፓያና አናናስ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ሁለቱም ጥሬያቸውን ፕሮቲን የሚሰባብር ንጥረ ነገር ስላለባቸው፣ ከእርጎ ጋር ተቀላቅለው ሲቈዩ እርጎውን ያቀጥኑታል፣ ያመርሩታልም። ጥፋቱ የወተቱ የሚመስላቸው ሰዎች ወተት ሻጩን ያለ በደሉ ይወቅሱታል። የተቈራረጠውን ፍራፍሬ ለጥቂት ደቂቃ አፍልቶ ካቀዘቀዙ በኋላ መጨመር ችግሩን ያስወግዳል።

የተፈጨው ፍራፍሬ ከእርጎው ጋር ከተዋሐደ በኋላ፣ ቢያስፈልግ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ይጨመርበታል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ምግብ ከቶ አይሰጥ፤ በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ በቅሎ መርዝ ያወጣልና። ድብልቁ በትናንሽ ኩባያዎች ተከፍሎ፣ መካከሉ ላይ እንጨት ተሰክቶበት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በፍሪዘር ይቀመጣል። በሰፊ ዕቃ የሚያረጋው ሰው በየግማሽ ሰዓቱ አውጥቶ በሹካ ቢያማስለው ፍንካቹ እየተሰበረ ይለሰልሳል። ለመብላት ሲፈለግ አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ማውጣት ነው። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሁለት ወር ያህል ይቈያል፤ ጣዕሙ የሚያምረው ግን በመጀመሪያው ወር ነው።

ይህን ሥራ ከቤት ወደ ሱቅ ለማውጣት የሚያስብ ነጋዴ፣ ፈቃድ የማውጣቱና በጤና ተቈጣጣሪዎች ፊት የመቅረቡ ግዴታ እንዳለ ሆኖ፣ ከሁሉ የበለጠ ሊያሳስበው የሚገባ የመብራት መቋረጥ ነው። የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ ብርዱን 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሽ የሞላው ግን 24 ሰዓት ብቻ። ስለዚህ ባዶውን ስፍራ ውሃ በሞሉ ፕላስቲክ ዕቃዎች ሞልቶ ማርጋት ወጪ የሌለው ዋስትና ነው። በዕቃው ላይ የተሠራበትን ቀን መጻፍ፣ በፍሪዘሩም ውስጥ አንድ ብርጭቆ የረጋ ውሃ ከበላዩ ሳንቲም አስቀምጦበት ማኖር ይበጃል። ሻጩ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ሳንቲሙን ከብርጭቆው ሥር ሰጥሞ ያገኘው እንደ ሆነ፣ እርሱ በሌለበት በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ያን ዕለት ያለውን ዕቃ መሸጥ አይገባውም።