የሒሳብ መዝገባችንን ለማን አደራ እንስጥ?

አንድ ነጋዴ ንግዱ ሲሰፋለት፣ አንድ መሥሪያ ቤትም ሥራው ሲበዛበት፣ ሒሳቡን ከወረቀት መዝገብ አውጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ለማግባት ይመኛል። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን የዚህን ሥራ ሙያ ራሱ ስለማያውቀው «የትኛው ፕሮግራም ይበጀኛል? ማንስ ይትከልልኝ?» ብሎ አማካሪ ድርጅት ይጠራል። የሚጠራውም ድርጅት ብዙ ጊዜ መካሪም ሻጭም ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ድርጅት እንዴት መምረጥ እንደሚገባ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን። ስለዚህም አስቀድመን በእንግሊዝ አገር የደረሰውን እንተርካለን፤ ዘመኑንም የምንቈጥረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት የፖስታ ቤቶቹን ሒሳብና በእነርሱ በኩል የሚሰጠውን የጡረታና የድጎማ ክፍያ በኮምፒዩተር ለማሠራት አስቦ ሦስት ተወዳዳሪዎችን ካቀረበ በኋላ፣ በ1996 ዓ.ም. ፓዝዌይ የተባለውን የአይ.ሲ.ኤል. ኩባንያ ክፍል መረጠ። የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ኋላ እንደ ገለጠው፣ ይህ ድርጅት በአብዛኛው የሙያ መመዘኛ ከተወዳዳሪዎቹ በታች ነበር። የተመረጠው ዋጋው ስለ ረከሰና ለሚመጣው አደጋ ኀላፊነቱን እኔ እሸከማለሁ ስላለ ነው። የክፍያው ካርድ በ1999 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ ሆራይዘን የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ግን በዚያው ዓመት በየፖስታ ቤቱ መተከል ጀመረ።

እነዚህን ትንንሽ ፖስታ ቤቶች የሚያስተዳድሩት አብዛኞቹ በሰፈራቸው ሱቅ ያላቸው፣ ጎረቤት የሚያምናቸው ሰዎች ነበሩ። ፕሮግራሙ ስሕተት ነበረበትና ያልጠፋ ገንዘብ ጠፋ ይል ጀመር። ሰዎቹም በውላቸው መሠረት ጎደለ የተባለውን ከኪሳቸው እንዲተኩ ተገደዱ። ብዙዎቹ ሲጠይቁ «ከእርስዎ በቀር ይህ የደረሰበት የለም» ተባሉ። ቤታቸውን ያጡ አሉ። እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከ900 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ፍርድ ተሰጠ። በ2010 ዓ.ም. አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ልጇ 10 ዓመት በሞላበት ቀን፣ የ15 ወር እስራት ተፈርዶባት ወኅኒ ቤት ገባች።

የድርጅቱ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው የየፖስታ ቤቱን ሒሳብ ለመንካት ይችሉ ነበር፤ ይህም ለብዙ ዘመን ሲካድ ኖረ። በመጨረሻ አለን ቤትስ የሚባል የቀድሞ ፖስታ ቤት አስተዳዳሪ ሌሎችን አስተባብሮ 555 ሆነው ከሰሱ፤ በታኅሣሥ ወር 2019 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሮግራሙ ጕድለት እንደ ነበረበት ፈረደ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሻረ። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሥር አንድ ነው፤ መኪናውን የሚያውቅ ሻጩ ብቻ ነበር፣ ማስረጃውም በሻጩ እጅ ነበረ፣ ገዢው ግን ከራሱ ሰዎች ይልቅ መኪናውን አመነ።

አሁን ወደ እኛው መዝገብ እንመለስ። አማካሪ የሚለው ቃል «መከረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከሚመክረው ዕቃ ሽያጭ ኮሚሲዮን የሚቀበል ሰው ግን ስሙ ደላላ ነው። ደላላነት ነውር አይደለም፣ ብቻ ስሙን ይያዝ። እንግዲህ ምርጫው ከመጀመሩ በፊት «ከዚህ ዕቃ ሽያጭ ድርሻ አለህን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቅን ሰው በዚህ አይቀየምም።

የአገሩን ሥራ ማወቁንም መፈተን ነው። በኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ዓመቱም 13 ወር አለው። ለ12 ወር የተሠራ ፕሮግራም ጳጉሜን ከየት እንደሚያገባት ሻጩ በቃል ሳይሆን በሥራ ያሳይ። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ሚስትን ከባሏ ለይቶ፣ አባታቸው ተስፋዬ የተባለውን ሁሉ በአንድ ጎጆ ያኖራል። ይህ ለሣቅ ይመስላል፤ የደመወዝ መክፈያው ቀን ሲደርስ ግን አያሥቅም። በዚያው አገር የመንግሥት በጀትና ሒሳብ በተሻሻለ ጊዜ ኢቤክስ የተባለው ፕሮግራም ለአገሩ ሥርዓት ታስቦ መሠራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዋጋውን በተመለከተ ብዙ አንልም፤ የመግዣው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ፣ የማስተማሪያውና የጥገናው ወጪ አንድ ላይ ተደምሮ ይታይ። ይልቁንስ ብዙዎች የሚዘነጉት የመለያየት ቀን ነው። ድርጅቱ ቢከስር ወይም ውሉ ቢያልቅ መዝገቡ የማን ነው? ሌላ ባለሙያ ሊያነበው በሚችል መልክ በስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል? መዝገቡን ከሩቅ የሚከፍት ሰው ቢኖር ስሙና ሰዓቱ ይጻፋልን? ይህ ሁሉ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ፊርማው ይቈይ።

ምርጫው በሚደረግበት ጠረጴዛ ዙሪያም አለቆች ብቻ አይቀመጡ። ሃያ ዓመት ደረሰኝ የቈጠረው ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሹሙ ይጠሩ፤ ሻጩ ያላሰበውን ጥያቄ የሚያወጡት እነርሱ ናቸውና። ከዚያም ድርጅቱ ቀድሞ ያገለገላቸውን ደንበኞች ሄደው ይጠይቁ፤ እርሱ ራሱ መርጦ ከሚያሳያቸው ይልቅ ውላቸውን ያቋረጡትን ቢያገኙ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

ፕሮግራሙ ከተተከለ በኋላም አሮጌው መዝገብ ወዲያው አይጣል። ቢያንስ ሁለት የወር መዝጊያ እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ይያዙ። ሳይስማሙ የቀሩ እንደ ሆነ፣ ገንዘብ ያዡ ከመጠርጠሩ በፊት ደረሰኞቹ አንድ በአንድ ይመርመሩ፤ ድርጅቱም ይህን ምርመራ ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንዲያግዝ በውሉ ይግባ።