ቁጣና ጭንቀት፦ ሲናገሩ ማድመጥ፣ ሲያዝዙ ማዘግየት

ባሕር ዳር፦ በሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በፎገራ ሜዳ የሚኖር አርሶ አደር እንቅልፍ አይወስደውም። ርብና ጉማራ ከደጋው የተቀበሉትን ውኃ ይዘው ወደ ጣና ሲወርዱ ሞልተው ወደ ማሳው ሊገነፍሉ ይችላሉ። ልቡ ይመታል፤ ሐሳቡ ከሩዙ ወደ በረቱ፣ ከበረቱ ወደ ጎተራው ይመላለሳል። ሌላ አርሶ አደር ደግሞ በሰኔ ማለዳ ማሳው ላይ ሲደርስ የጎረቤቱ ማረሻ ወሰኑን በአንድ ትልም አልፎ ያገኛል። ደረቱ ይግላል፤ በትር የያዘው እጁ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሰው ስሜት ጭንቀት ነው፤ የሁለተኛው ቁጣ።

እነዚህን ስሜቶች ብዙ ሰው "መጥፎ" ብሎ ይፈርጃቸዋል። የተቆጣ ሰው ትዕግሥት እንደጎደለው፣ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ልበ ሙሉነት እንዳነሰው ተደርጎ ይታያል። በሥነ ልቡና ትምህርት ግን "አሉታዊ ስሜት" ሲባል ለተሸካሚው የማይመች ማለት እንጂ ጥቅም የሌለው ማለት አይደለም። የእግር ሕመም እሾህ መኖሩን እንደሚናገር ሁሉ ጭንቀት ሊመጣ ያለ አደጋን፣ ቁጣ ደግሞ የተነካ መብትን ይናገራል። ችግሩ የሚጀምረው ስሜቱ መልእክቱን ከተናገረ በኋላ ትእዛዝ መስጠት ሲጀምርና ሰውየው ሳያመዛዝን ሲታዘዝ ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን መረዳት ይህን ልዩነት ግልጽ ያደርገዋል። በአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ ባቄላ የሚያህል ክፍል አለ። ዓይን ወይም ጆሮ አደጋ የሚመስል ነገር ሲያገኝ ይህ ክፍል ሰውየው ገና በቅጡ ሳያስብ ሰውነቱን ያስነሣዋል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ስኳር ወደ ደም ይገባል፤ ጡንቻ ይወጠራል። አሜሪካዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁኔታ ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት አድርጎ ገልጾታል። በዚህ ጊዜ የምግብ መፈጨት ሥራ ይቀዘቅዛል። የአማርኛ ተናጋሪ "ሆዴ ተረበሸ"፣ "ሆዴ ፈራ" ሲል ስሜቱን በሆዱ ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገሮችን የሚያመዛዝነው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ግን ከዚህ ቀርፋፋ ነው። ትልሙ በስሕተት የገባ ይሁን በድፍረት፣ ምስክር ይኑር አይኑር የሚጠይቀው እርሱ ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ደግሞ ሐሳብ እየደጋገመ ካልቀሰቀሰው በደቂቃዎች ውስጥ መብረድ ይጀምራል። ስለዚህ በቁጣና በጸጸት መካከል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ የጥቂት ደቂቃዎች ርቀት ነው።

ጭንቀት በልኩ ሲሆን ሕይወት ያድናል። በደንገል ታንኳ ጣና ላይ የሚሠራ ዓሣ አስጋሪ ነፋሱ ሲነሣ ወደ ዳር የሚጠጋው ፍርሃቱ ስለሚመክረው ነው፤ ፈጽሞ የማይፈራ ታንከኛ ዕድሜው አጭር ይሆናል። በ1998 ዓ.ም ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ያን ያየ ሰው ዝናብ ሲበረታ ቢጨነቅ መልእክቱ እውነት ነው። መልእክቱን የሰማ አርሶ አደር ቦዩን ይጠርጋል፣ እህሉን ከፍ ባለ ቦታ ያኖራል፣ ከብቶቹን አስቀድሞ ያሸሻል። ሥራው ሲያልቅ ጭንቀቱም ግዳጁን ስለጨረሰ ይቀላል።

በእንቦጭ ላይ የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። መጤው አረም በጣና ላይ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ በ2011 ነበር። የግጦሽ መሬቱ ሲሸፈን፣ መረቡ በአረም ሲያዝ የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ተጨነቀ፤ ተቆጣም። ያ ስሜት በየቤቱ ታምቆ ቢቀር ኖሮ ተስፋ መቁረጥን ብቻ ያተርፍ ነበር። ሕዝቡ ግን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ሲነቅል ከረመ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ደግሞ ሰፊ የማስወገድ ዘመቻ ተካሄደ። እንቦጭ ዛሬም ከሐይቁ አልጠፋም። ሆኖም ብቻውን የሚጨነቅና ከጎረቤቱ ጋር የሚሠራ ሰው እኩል አይደክሙም።

ጭንቀት ጠላት የሚሆነው ሥራ ሳይወልድ ሲደጋገም ነው። አንድን ሐሳብ ሌሊቱን ሙሉ ማውጠንጠን ዝግጅት ይመስላል፤ ግን አይደለም። መለያው ቀላል ጥያቄ ነው፦ "በዚህ ጉዳይ ዛሬ ወይም ነገ ልሠራው የምችለው ነገር አለ?" ካለ ሥራውን በሰዓቱና በቦታው ለይቶ መያዝ ይገባል። ከሌለ ጉዳዩን ለታመነ ሰው አጫውቶ ሸክሙን መጋራት ይሻላል።

ቁጣም የራሱ እውነት አለው። የወሰን ጉዳይ በሩቅ ለሚያይ ሰው የአንድ ስንዝር አፈር ጠብ ይመስላል። ለአርሶ አደሩ ግን መሬቱ የልጆቹ እንጀራ፣ የአባቱ መታሰቢያና በጎረቤት ፊት ያለው ክብር ነው። በከተማም የቤት ኪራይ በድንገት የተጨመረበት ወይም በወረፋ ቆሞ የታለፈ ሰው ቢቆጣ ስሜቱ ልክ የሆነ ነገር እየተናገረ ነው። ግሪካዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ መቆጣት ለማንም ቀላል መሆኑን፣ ተገቢውን ሰው በተገቢው ጊዜ፣ በተገቢው ልክና ምክንያት መቆጣት ግን አስቸጋሪ መሆኑን አስተምሯል። በዳዩ ሌላ ሆኖ ቁጣው ቤት ገብቶ በሚስትና በልጆች ላይ ሲወርድ ይህ ልክ ፈርሷል።

የቁጣን ትእዛዝ ወዲያው የፈጸመ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በሕግም ተጽፏል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጽ 541 ደግሞ በከባድ መነሣሣት ወይም ሁኔታው ለመረዳት በሚያስችለው ብርቱ የስሜት ግፊት የተፈጸመ ግድያን ለይቶ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ሕጉ የሰውን ስሜት ይረዳል፤ በነጻ ግን አያሰናብትም። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ያለው ዋጋ ደግሞ ይበልጣል፦ የሚሸጥ በሬ፣ ጦም የሚያድር ማሳ፣ ያለ አባት የሚቀሩ የሁለት ቤት ልጆች፣ ለትውልድ የሚተርፍ ደም መመላለስ።

የቀደሙት አባቶች ስለ አሚግዳላ ባይጽፉም ቁጣ ጊዜ እንደሚያሻው ያውቁ ነበር። "በሕግ አምላክ!" የሚለው ቃል ሲነገር የተነሣ ዱላ እንዲቆም፣ የሚሄድ ሰው እንዲገታ የሚያስገድድ ልማድ ነበር። የሽምግልና ሥርዓትም በቀጠሮ የተሞላ ነው። ሽማግሌዎች በዳይንና ተበዳይን ያራርቃሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ ቀን ይቆርጣሉ። ቀጠሮው ለሚቸኩል ሰው መጓተት ይመስለዋል፤ ለቁጣ ግን መድኃኒቱ ነው። በቀጠሮው ቀን "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ተብሎ ይጠየቃል፤ ተበዳይ በሰው ፊት በደሉን ይናገራል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ደም ያለበት ጉዳይም በእርቅ ይደርቃል። ቁጣው ያመጣው መልእክት ተሰምቷል፤ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም።

ዛሬ ይህ ማዘግያ የማይደርስበት ቦታ በየሰው እጅ አለ። በስልክ የሚመጣ ያልተጣራ ወሬ በደቂቃ ውስጥ ያስቆጣል፤ ያስፈራልም። በመካከል ቆሞ "በሕግ አምላክ" የሚል ሽማግሌ የለም። ስለዚህ አንባቢው ለራሱ ሽማግሌ መሆን ይኖርበታል፦ ደረት የሚያግል ወሬ ሲደርሰው ለሌላ ከማስተላለፉ በፊት ማን እንዳለው፣ መቼና የት እንደሆነ መጠየቅ።

ቁጣን በመያዝ ረገድ ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ማመቅ ነው። የታመቀ ቁጣ ቂም ይቋጥራል፤ ቂም ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ ይፈታል። "ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል" መባሉ ለዚህ ነው። ሁለተኛው ስሕተት ቁጣ በመጮኽና ዕቃ በመምታት ይወጣል ብሎ ማመን ነው። ብራድ ቡሽማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ2002 ባወጣው ጥናት ያስቆጣቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ተሳታፊዎች ምንም ሳይሠሩ ከተቀመጡት ይልቅ ተቆጥተው ተገኝተዋል። "ንዴት" የሚለው ቃል የእሳትን መንደድ ያስታውሳል፤ እሳት ደግሞ እንጨት በተጨመረበት ቁጥር ይነድዳል።

ከሁለቱም የሚሻለው መንገድ ቀላል ደረጃዎች አሉት። ስሜቱን በስሙ መጥራት ይቀድማል፤ "ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣሁትም ወሰኔ ስለተነካ ነው" ብሎ ለይቶ መናገር ራሱ ያረጋጋል። ቀጥሎ ከቦታው ዞር ማለትና ትንፋሽን ከማስገባት ይልቅ በማስወጣት ላይ ረዘም እያደረጉ በቀስታ መተንፈስ የልብን ምት ያቀዘቅዛል። ከዚያ ነገሩን ሌላው ሰው እንዴት ሊያየው እንደሚችል መጠየቅና ሰውነት ሲበርድ አቤቱታን በቀጥታ ለባለ ጉዳዩ ወይም በሽማግሌ ፊት ማቅረብ ይገባል። በቁጣ ላይ አረቄ መጠጣት ማመዛዘንን ያጠፋል። ጫት መቃምና ማታ ቡና ማብዛት ደግሞ እንቅልፍ ነሥተው ጭንቀትን ያባብሳሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን እያንዳንዱ ጭንቀት በትንፋሽ ይድናል ማለት አይደለም። በክልሉ የዘለቀው የሰላም እጦት መንገድ ሲዘጋ፣ ልጅ ከትምህርት ሲቀር፣ የሩቅ ዘመድ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር የሚጨነቅ ሰው አእምሮው አልታመመም፤ ኑሮው ነው የታመመው። የእርሱ መድኃኒት በዋናነት ሰላምና ሥራ ነው። በለቅሶ፣ በዕድርና በቡና ላይ የሚደረገው ጭውውት እስከዚያው ብቸኝነትን ያቃልላል። በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ ያስጀመሩት የምክር አገልግሎት የሠለጠኑ አረጋውያን እናቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁ ሰዎችን እንዲያደምጡ ያደርጋል። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመ ጥናትም አገልግሎቱ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችን መቀነሱን አሳይቷል። የታመነ ሰው በእርጋታ ማድመጡ ራሱ ሕክምና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ስሜቱ ከልኩ አልፎ ሕመም የሚሆንበት ወሰንም መታወቅ አለበት። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ሲጠፋ፣ ሥራ መሥራት ሲያቅት፣ ያለ ምክንያት ልብ ሲመታና ትንፋሽ ሲያጥር፣ ያለፈ አስፈሪ ነገር በሕልምና በውን እየተመላለሰ ሲያስደነግጥ፣ ቁጣ በተደጋጋሚ ወደ ድብደባ ሲያመራ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር ከተማ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ጠበል የሚጠመቅ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል። ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚናገር ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ቃሉን እንደ ዛቻ ቆጥሮ ማለፍ አይገባም፤ ብቻውን ሳይተዉት ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መውሰድ ግድ ይላል።

ወሰኑ የተገፋበት አርሶ አደር በዚያ ማለዳ ሁለት መንገድ አለው። ትልሙ በሁለቱም ይመለሳል ብሎ ያስብ ይሆናል። በበትሩ የሄደ እንደሆነ ግን የሚቀጥለውን ሰኔ እርሱ ወይም ጎረቤቱ አያርስም። በሽማግሌ የሄደ እንደሆነ የወሰኑ ድንጋይ በምስክር ፊት ይተከላል፤ ሁለቱም በየራሳቸው በኩል በሬያቸውን ይጠምዳሉ።