ለምን 28 ቀን?

በኢትዮጵያ ስድስት ሳምንት የሞላው ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲመጣ የፖሊዮና የሮታ ጠብታ በአፉ ይደረግለታል፤ በአንዱ ጭኑ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ በሌላው የሳንባ ምች ክትባት ይወጋል። ሕፃኑ እያለቀሰ እናቲቱ ነርሷን ትጠይቃለች፦ «ሲስተር፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይበዛበትም? አንዱን ለሚቀጥለው ሳምንት ብናቆየውስ?»

ጥያቄው ቁም ነገር አለው። ክትባቶች አንዳቸው የሌላውን ሥራ ሊያግዙም ሊያደናቅፉም ይችላሉ። እናቶች እምብዛም የማይነገራቸው ግን፣ በአንዳንድ ክትባቶች ላይ ችግር የሚያመጣው በአንድ ቀን መሰጠታቸው ሳይሆን «የሚቀጥለው ሳምንት» መሆኑ ነው።

የኩፍኝ፣ የጉድፍና የቢጫ ወባ ክትባቶች የተዳከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዙ ናቸው። ሥራቸውን የሚሠሩትም ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ጥቂት ተራብቶ ሲታወቅ ነው። የመጀመሪያው ክትባት ሲገባ ሰውነት ኢንተርፌሮን የተባለ መከላከያ ያመነጫል። ሁለተኛው ከቀናት በኋላ ከተከተለ፣ ቫይረሱ ገና ሳይራባ ይታፈናል፤ ሰውነትም ሳይማረው ይቀራል። በአንድ ቀን ከተሰጡ ግን ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ግምት አይደለም። በአሜሪካ ከ1995 እስከ 1999 ዓ.ም. (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ክትባት የወሰዱ ከ115,000 በላይ ሕፃናት መረጃ ተመርምሮ ነበር። የኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ ጥምር ክትባት ከወሰዱ በኋላ 30 ቀን ሳይሞላ የጉድፍ ክትባት የተሰጣቸው ልጆች፣ ቆይተው በጉድፍ የመያዝ ዕድላቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በአንድ ቀን ሁለቱን በወሰዱት ላይ ይህ አልታየም። ሕይወት ያላቸው የመርፌ ክትባቶች በአንድ ቀን ካልተሰጡ ቢያንስ 28 ቀን ይራራቁ የሚለው ደንብ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ሕያው ቫይረስ ለሌላቸው እንደ ፔንታቫለንት ላሉት ይህ ገደብ አይሠራም።

በአንድ ቀን መስጠትም ቢሆን ሁልጊዜ ያለ ዋጋ አይደለም። በ2011 የታተመ የብራዚል ጥናት የቢጫ ወባን ክትባት ከጥምር ክትባቱ ጋር በአንድ ቀን የወሰዱ ሕፃናትን፣ በ30 ቀን ልዩነት ከወሰዱት ጋር አነጻጽሯል። ለቢጫ ወባ ፀረ እንግዳ አካል ያመረቱት ከ87 በመቶ ወደ 70፣ ለሩቤላ ከ97 ወደ 90፣ ለጆሮ ደግፍ ከ71 ወደ 61 ዝቅ ብለዋል። ኩፍኝ ላይ ልዩነት አልነበረም። ቢሆንም ቤተሰቡ ሩቅ ከሆነና ተመልሶ መምጣቱ ካጠራጠረ፣ ሁለቱንም ዛሬ መስጠት ይሻላል። ያልመጣ ልጅ 70 በመቶውንም ዕድል አያገኝም።

ጠብታዎቹም አንጀት ውስጥ ይሻማሉ። በደቡብ አፍሪካ እንደታየው የፖሊዮ ጠብታ የመጀመሪያውን የሮታ ዶዝ ምላሽ ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ዶዝ ሲጨመር ጉድለቱ በአብዛኛው ይካካሳል። በ10ኛው ሳምንት የሚሰጠውን ዶዝ መዝለል የማይገባውም ለዚህ ጭምር ነው።

ደስ የሚያሰኘው ወገን ደግሞ የማጅራት ገትር ታሪክ ነው። ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ፣ ከ2013 ወዲህ በኢትዮጵያም ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በዘመቻ ተሰጥቷል። የተሠራው የማጅራት ገትር ባክቴሪያን ስኳራማ ሽፋን ከመንጋጋ ቆልፍ ፕሮቲን ጋር በማጣመር ነው። ሽፋኑ ብቻውን የሕፃናትን መከላከያ በቅጡ አይቀሰቅስም፤ ፕሮቲኑ ሲጨመርበት ግን ረዳት ሴሎች ይነሣሉ፣ የማስታወስ ኃይልም ይፈጠራል። ተጨማሪ ጥቅም ቀጥሎ መጣ፦ የተከተቡት ሰዎች የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ከፍ አለ። ዘመቻውን ባካሄዱ አገሮች የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ ወደ 25 በመቶ ቀንሷል። ለማጅራት ገትር ብላ ክንዷን የሰጠች ወጣት፣ ገና ላልወለደችው ልጅ ጥበቃ አተረፈች ማለት ነው። በጋምቢያም በውልደት የተሰጠው ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት)፣ ሕፃናት ለሄፓታይተስ ቢና ለፖሊዮ ጠብታ የሚሰጡትን ምላሽ አጠንክሯል።

ይህ ሁሉ ክትባት ክፍል ውስጥ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፤ ወደ ቀን። በቀበሌ ዘመቻ የኩፍኝ መርፌ የወሰደ ልጅ ካርዱ ላይ ሳይጻፍለት ከቀረ፣ በሁለተኛው ሳምንት ለጉዞ የቢጫ ወባ ክትባት ሊወጋ ይችላል፤ ነርሷም የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስለዚህ ለዘመቻ ስትወጡ ካርዱን ይዛችሁ ውጡ፤ ቀኑ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ አትመለሱ። ካርዱ ከጠፋም የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደተሰጠ፣ ነርሷ ሳትጠይቃችሁ በፊት ንገሯት።