ከጅግጅጋ ሆኖ ሙዚቃ የሚያደምጥ ሰው ምን ይምረጥ?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዓመት ባለቀ ቍጥር የሙዚቃ ወዳጆች «በዚህ ዓመት ከወጡት አልበሞች ውስጥ የወደድኸው የትኛው ነው?» እያሉ እርስ በርሳቸው የመጠያየቅ ልማድ አላቸው። ጥያቄው ሲሰሙት የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ደኅና አድርገው የተመለከቱት እንደ ሆነ ቁም ነገር አለበት። መምረጥ ማለት ከብዙ መካከል አንዱን ለይቶ ማስቀመጥ ነውና፤ ለይቶ የሚያስቀምጠው ሰው ያጣ ዜማ ግን ከአፍ ወጥቶ ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ በጅግጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች ከሚደመጠው የሶማልኛ ሙዚቃ፥ በቅርብ ዓመታት ከታተሙትም አልበሞች አራቱን መርጠን፥ ስለ ምን እንደ መረጥናቸው እናስረዳለን። ዓመቱ ሁሉ የተነገረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ዜማው የሚመጣበትን መንገድ ማወቅ ያሻል። ጅግጅጋ ከካራማራ ተራራ በስተምሥራቅ በሰፊው ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድረስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ መንገዱ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርጌሳ ይደርሳል። ሁለተኛው በር የባቡሩ መንገድ ነው፤ ይኸውም ከጂቡቲ ተነሥቶ በደወሌ፥ በአይሻና በሽንሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚገባው ነው። በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ከሸቀጡ ጋራ ካሴት፥ ከካሴቱም ጋራ ዜማ ሲመላለስ ኖሯል። የሬዲዮ ማዕበል ደግሞ ኬላ የለውምና የሐርጌሳን፥ የጂቡቲንና የሞቃዲሾን ዘፈን እቤት ድረስ ያመጣ ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮም በ1960ዎቹ በሶማልኛ ያሰራጭ ነበር።

ከሌላ አውራጃ በሥራ ተዛውሮ ወደ ጅግጅጋ የሄደ ሰው «ቋንቋውን ሳላውቅ ዘፈኑን እንዴት አጣጥማለሁ?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሁለት ነገር ልብ ቢል ይበቃዋል። አንደኛው ዜማው ነው። የሶማልኛ ዜማ እንደ ደጋው ቅኝት ሁሉ በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ ትዝታን እየሰማ ያደገ ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሁለተኛው ግጥሙ ነው። በአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። በሶማልኛ ግን ሥርዐቱ ያለው በቃሉ መነሻ ላይ ነው፤ ይኸውም ግጥሙ በ«በ» ድምፅ የተመሠረተ እንደ ሆነ በየስንኙ በ«በ» የሚነሣ ቃል መገኘት አለበት፤ በባሕላዊው ረጅም ግጥምም ስንኙ መቶ ቢሆን እንኳ ይህ ድምፅ እስከ ፍጻሜው አይለወጥም። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ይህን ድምፅ እየጠበቀ ቢያደምጥ የግጥሙን አካሄድ በጆሮው ሊከተለው ይችላል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሶማልኛ ዘፈን የግጥሙ ደራሲ፥ የዜማው ደራሲና ድምፃዊው ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አዋቂ አድማጭ ዘፈኑን ከሰማ በኋላ «የማን ቃል ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ የድምፃዊውን ስም በመስማት ብቻ አይረካም።

ዘመናዊው ዘፈን የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። አብዲ ሲኒሞ የተባሉ የቦረማ አገር የጭነት መኪና ሾፌር፥ ባልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን ፈጠሩ። ቦረማ ከእኛው ከአውበሬ ብዙ የማትርቅ ከተማ ናት። የተበላሸ መኪና በመንገድ ላይ ቢያቆማቸው ብሶታቸውን በዜማ እንዳወጡት ይተረካል። ከዚያ በኋላ በ1924 በሞሺ ከተማ የተወለዱት አብዱላሂ ቃርሼ ዑድ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ አስገብተው ዘፈኑን አሰፉት። ባልዎም አድጎ ሄሎ ተባለ። የሐርጌሳ ሬዲዮ ጣቢያም በዚያው በ1940ዎቹ ተቋቁሞ ዘፋኞቹን መቅዳት ጀመረ።

በአዲስ አበባ ከ1969 ጀምሮ አምሃ እሸቴ ሸክላ እያሳተሙ ይሸጡ ነበር። በሶማልኛ በኩል ግን ዘፈን የሚቀዳው በአብዛኛው ለመንግሥት ሬዲዮና ለቲያትር ቤት ስለ ነበር፥ ንብረትነቱ የጣቢያው ሆኖ በቴፕ ተጠቅልሎ በግምጃ ቤት ይቀመጥ ነበር። ሕዝቡም ከሬዲዮ በካሴት እየቀዳ ከቤት ወደ ቤት ያዛውረው ነበር። እንግዲህ የአገሩ ዜማ ሁሉ በሁለት ቦታ ብቻ ተቀመጠ ማለት ነው፤ በጣቢያው ግምጃ ቤትና በሕዝቡ ሳጥን ውስጥ።

በ1988 ጦርነቱ በተፋፋመ ጊዜ የሶማልያ መንግሥት አውሮፕላኖች ሐርጌሳን በቦምብ ደበደቡ። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጅግጅጋ አውራጃ ገባ፤ በሐርቲሼክ የተቋቋመውም የስደተኞች ሰፈር በዘመኑ ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆኖ እስከ 2004 ቈይቷል። በዚያ ጭንቅ ጊዜ የሬዲዮ ጣቢያው ሠራተኞችና የሙዚቃ ወዳጆች ቴፖቹን ከሞት ለማትረፍ ከፊሉን በመሬት ቀበሩ፤ ከፊሉም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ሰው ነፍሱን ይዞ በሚሸሽበት ሰዓት ዘፈን መሸከሙ ለሚደነቅበት ሰው፥ ያ ቴፕ የሕዝቡ መዝገብ መሆኑን እናስታውሰዋለን። የሶማልኛ ፊደል በይፋ የጸናው በ1972 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የነበረው ቃል የተጠበቀው በሰው ልቡናና በቴፕ ላይ ነውና።

አሁን ወደ ምርጫችን እንግባ።

የመጀመሪያው በ2017 ኦስቲናቶ የተባለው አሳታሚ ያወጣው «እንደ ተሰበረ ቴምር የጣፈጠ» የተሰኘው አልበም ነው። አሥራ አምስት ዘፈኖች ያሉት ሲሆን፥ የተመረጡት በሐርጌሳ የቀይ ባሕር የባህል ድርጅት ከሰበሰባቸው ከአሥር ሺህ በሚበልጡ ካሴቶች ውስጥ ነው። አልበሙ በአሜሪካ ለሚሰጠው ለግራሚ ሽልማት በታሪካዊ አልበም ረድፍ ታጭቶ ነበር። ከአሮጌ ቴፕ የተቀዳ በመሆኑ አልፎ አልፎ የቴፑ ሹክሹክታ ይሰማል፤ ነገር ግን ይህ የመከራው ምልክት ነውና ነቀፌታ ሊሆንበት አይገባም። ከአራቱ አንደኛ ያደረግነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው በ2019 አናሎግ አፍሪካ ያሳተመው «ሞጋዲስኮ» ነው። ከ1972 እስከ 1991 በሞቃዲሾ የተጫወቱትን ባንዶች ያሰማል። ነፋሱ መሣሪያና ኤሌክትሪኩ ጊታር ሞቅ ያለ ነው፤ ከአንዳንዱም ውስጥ የጃማይካን ሬጌ የሚመስል ምት ይሰማል። ሶማሌዎቹ ሙዚቀኞች ግን ይህ ምት በእኛው አገር የሚጨፈረው የዳንቶ ምት ዘመድ ነው ይላሉ፤ ጅግጅጋ ላይ ዳንቶ ያየ ሰው ይህን ለመፍረድ ይችላል። የአልበሙ አዘጋጅ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን ያገኘው በሞቃዲሾ ሬዲዮ ግምጃ ቤት፥ ስም ሳይጻፍባቸው ከተከመሩ ቴፖች መካከል ነው።

ሦስተኛው በ2020 የወጣው የጂቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ አልበም ነው። እነዚህ ሙዚቀኞች የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፤ በሥራ ሰዓት በመንግሥት በዓልና በአቀባበል ሥርዐት ላይ ይጫወታሉ፤ ከዚያ በኋላ የልባቸውን ይጫወታሉ። አልበሙ የተቀዳው በ2019 በጣቢያው ውስጥ በሦስት ቀን ብቻ ነው። የሕንድ፥ የዓረብና የጃማይካ ድምፅ ከሶማልኛው ዜማ ጋራ ተስማምቶበታል። የመረጥነው አሮጌውን ብቻ ማድነቅ እንደማይገባ ስለሚያስረዳ ነው፤ ወጣቶች ድምፃውያን ከአንጋፋዎቹ ጋራ ቆመው ይዘፍኑበታልና።

አራተኛው በ2024 የወጣው የሣህራ ሐልገን «ሂዶ ዳውር» ነው። ሣህራ በጦርነቱ ጊዜ ቍስለኞችን እያስታመሙ ይዘፍኑላቸው ነበር፤ ሐልገን ማለትም ትግል ማለት ነው። በስደት በፈረንሣይ አገር ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ ወደ ሐርጌሳ ተመልሰው የባህል ሙዚቃ የሚሰማበት ቤት ከፈቱ። ሂዶ ዳውር የዚያ ቤት ስም ሲሆን፥ ትርጓሜው ባህልን ጠብቅ ማለት ነው። በጊታሩና በከበሮው ጩኸት መካከል የሴቲቱ ድምፅ ሳይዋጥ ጐልቶ ይወጣል።

እንግዲህ አራቱን አልበሞች አንድ ላይ ስናያቸው የሚያስተምሩን ነገር አንድ ነው። ዘፈኑን ያተረፈው ጠብቆ ያስቀመጠው ሰው ነው፤ አሳታሚው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ማንም ሰው በእጅ ስልኩ የወደደውን ዜማ ያደምጣል፤ ነገር ግን ወደ ስልኩ ያልገባው ካሴት አሁንም በየቤቱ አለ። ቴፕ ማለት በፕላስቲክ ጥብጣብ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዝገት ዱቄት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሙጫውን ያላሉታል፤ አቧራ ይፍቀዋል፤ ማግኔት ድምፁን ያጠፋዋል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቍጥርም ሹክሹክታው ይጨምራል።

ስለዚህ በጅግጅጋም ሆነ በሌላ ከተማ አሮጌ ካሴት ያለው ሰው በፀሐይና በድምፅ ማጉያ አጠገብ አያስቀምጠው፤ አቁሞ በሳጥን ያኑረው። ከማጫወቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ በዝግታ ያጠንጥነው። ከዚያም በደኅና መሣሪያ ወደ ኮምፒዩተር ቀድቶ፥ ግልባጩን በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጥ። ከሁሉም በላይ የግጥሙን ደራሲ፥ የዜማውን ደራሲ፥ የድምፃዊውንና የባንዱን ስም፥ የተቀዳበትንም ቦታና ዓመት ይጻፍበት። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸውና በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይገባል። በመሥሪያ ቤት ቍጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቢገባ ተፈልጎ እንደማይገኝ፥ ስም የሌለው ቴፕም ቢኖር እንደሌለ ይቈጠራል።

በሚመጣው ዓመት «የወደድኸው የትኛው ነው?» ተብሎ የሚጠየቅ የሙዚቃ ወዳጅ ከታተሙት አንዱን ቢጠራ መልካም ነው፤ ከእናቱ ሳጥን ያወጣውንና ስሙን የጻፈበትን አንድ ካሴት ቢጠራ ግን የበለጠ መልካም ነው።