ነጥብ በነጥብ የተሰበሰበ ዋንጫ

እግር ኳስ የማይወድ ወጣት በየትኛው ቀበሌ ይገኛል? ኳስ ባይኖር ጨርቅ ጠቅልሎ ይጫወታል። ሜዳው የታጨደ ማሳ ነው። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው።

ዛሬ የምናነበው በእንግሊዝ አገር ስለተደረገ የእግር ኳስ ውድድር ነው። ስለ አንድ ቀን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2007 እስከ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ድረስ ስለቆየ ውድድር ነው። እዚህ ላይ የተጻፉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ሌስተር ሲቲ የሚባል ቡድን ነው። ይወስዳል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንዴት ወሰደው? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልገናል። ደብተርና እርሳስ አቅርቡ።

ሊግ ማለት ምን ማለት ነው?

ሊግ ብዙ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ እየተጋጠሙ የሚወዳደሩበት ነው። በእንግሊዝ ትልቁ ሊግ 20 ቡድኖች አሉ። አንድ ቡድን ከሌሎቹ 19 ቡድኖች ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጋጠማል። አንዱን በራሱ ሜዳ፣ ሌላውን በባላጋራው ሜዳ ይጫወታል። 19 በ2 ሲባዛ ስንት ይሆናል? 38 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን 38 ጨዋታ ያደርጋል።

ያሸነፈ ቡድን 3 ነጥብ ያገኛል። እኩል ለእኩል ከወጡ ሁለቱም አንድ አንድ ነጥብ ያገኛሉ። የተሸነፈ ምንም አያገኝም። በመጨረሻ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ዋንጫውን ይወስዳል። ነጥባቸው እኩል የሆነ ቡድኖች ካሉ፣ ያገቡት ግብ ከገባባቸው ጋር ይተያያል።

ከሁሉ በታች የሚቀሩት 3 ቡድኖች ደግሞ ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳሉ። መውረድ ውርደት ብቻ አይደለም። የቡድኑ ገቢም በጣም ይቀንሳል።

እንግዲህ ሊግ እንደ እርሻ ነው። አንድ ቀን ጥሩ ዝናብ ስለዘነበ ጎተራ አይሞላም። አንድ ቀን በረዶ ስለጣለም ሁሉ ነገር አይጠፋም። የሚቆጠረው ዓመቱ ሲያልቅ ነው።

ከታች የነበረው ቡድን

ሌስተር ከለንደን በስተ ሰሜን የምትገኝ ከተማ ናት። ድሮ በካልሲና በጫማ ሥራ ትታወቅ ነበር። የእግር ኳስ ቡድኗ ዕድሜው ረጅም ነው። ነገር ግን የትልቁን ሊግ ዋንጫ አንድ ጊዜም አግኝቶ አያውቅም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ቡድኑ ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። 29 ጨዋታ ካደረገ በኋላ የነበረው ነጥብ 19 ብቻ ነው። ከ20ዎቹ ቡድኖች መጨረሻ ነበር። ይወርዳል ብሎ ያልተናገረ አልነበረም። የቀሩት 9 ጨዋታዎች ናቸው። ከነዚህ 7ቱን አሸነፈ። በአንዱ እኩል ወጣ። በአንዱ ተሸነፈ። ነጥቡ 41 ሆነና 14ኛ ወጥቶ ከመውረድ ዳነ።

በዚያው ክረምት አሰልጣኙ ተሰናበቱ። በምትካቸው ክላውዲዮ ራኒየሪ የሚባሉ ጣሊያናዊ ተቀጠሩ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት የግሪክ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነበሩ። ግሪክ ፌሮ ደሴቶች በሚባል ትንሽ አገር በሜዳዋ 1 ለ 0 ስለተሸነፈች ከሥራ ተባረዋል። እኚህ ሰው ሲቀጠሩ ብዙ ሰው ሳቀ።

በእንግሊዝ አገር በውድድር ላይ ገንዘብ የሚያወራርዱ ድርጅቶች አሉ። ለሌስተር 1 ፓውንድ ላስያዘ ሰው፣ ሌስተር ዋንጫውን ከወሰደ 5,000 ፓውንድ እንከፍላለን አሉ። ፓውንድ የእንግሊዝ ገንዘብ ነው። ይህን ያሉት ቸር ሆነው አይደለም። በፍጹም አይሆንም ብለው ነው እንጂ። ጥቂት ሰዎች በዚህ ገንዘብ አገኙ። በውርርድ ኪሱ የተራገፈው ሰው ግን ከነሱ እጅግ ይበዛል።

ተጫዋቾቹ እነማን ነበሩ?

ጄሚ ቫርዲ አጥቂ ነው። በ16 ዓመቱ ሰውነትህ ትንሽ ነው ተብሎ ከልጅነት ቡድኑ ተሰናብቷል። ከዚያ በአንድ ትንሽ ቡድን በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ተጫወተ። ቀን ቀን ደግሞ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ለተጎዳ እጅና እግር ድጋፍ የሚሆን ዕቃ ያመርታል። ሌስተር ቫርዲን የገዛው በግንቦት 2004 ዓ.ም. ነው።

ሪያድ ማህሬዝ የተወለደው ፈረንሳይ ነው። አባቱ አልጄሪያዊ ናቸው። እሱም የተጫወተው ለአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን ነው። ሌስተር ማህሬዝን ከፈረንሳይ ሁለተኛ ሊግ የገዛው ከግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ነው። ይህ ለእኛ ብዙ ገንዘብ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ግን ለአንድ ሰው በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፍላሉ።

ንጎሎ ካንቴም ፈረንሳይ ተወለደ። ወላጆቹ ከማሊ የሄዱ ናቸው። ቁመቱ አጭር ነው። ከባላጋራ እግር ኳስ ሲነጥቅ ግን አቻ አልነበረውም።

የቡድኑ አምበል ዌስ ሞርጋን ተከላካይ ነበር። በዚያ ዓመት 38ቱንም ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ተጫውቷል።

ዓመቱ እንዴት ሄደ?

ነሐሴ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. ውድድሩ ተጀመረ። ሌስተር ሰንደርላንድን 4 ለ 2 አሸነፈ። ራኒየሪ ግን ስለ ዋንጫ አላወሩም። መጀመሪያ 40 ነጥብ እናግኝና ከመውረድ እንዳን አሉ።

ቡድኑ ግብ ያገባል፤ ይገባበታልም። በመጀመሪያዎቹ 9 ጨዋታዎች ግብ ሳይገባበት የወጣበት አንድም ቀን የለም። አሰልጣኙ አንድ ዘዴ አመጡ። ግብ ሳይገባባችሁ ከወጣችሁ ፒዛ እጋብዛችኋለሁ አሉ። ፒዛ ከላዩ ላይ ቲማቲምና አይብ ያለበት የጣሊያን ምግብ ነው። በ10ኛው ጨዋታ ሌስተር ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 አሸነፈ። ግብ አልገባበትም። ራኒየሪ ቃላቸውን ጠበቁ። ተጫዋቾቹን ፒዛ ቤት ወሰዷቸው። ሊጡን የዳመጡት ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ነፃ ነገር የለም፤ በሥራ ነው ለማለት ነው።

ቫርዲ ደግሞ በየጨዋታው ማግባት ያዘ። ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም. በማንችስተር ዩናይትድ ላይ አገባ። ይህም በተከታታይ ያገባበት 11ኛ ጨዋታ ሆነ። በዚህ ሊግ ከዚያ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው የለም።

የሌስተር አጨዋወት ቀላል ነበር። ኳሱን ባላጋራ አብዝቶ ቢይዘው ግድ አይሰጣቸውም። ሁሉም ተሰብስበው ይከላከላሉ። ኳሱን የነጠቁ እንደሆነ በፍጥነት ወደ ፊት ይሮጣሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

ጥር 28 ቀን ትልቁን ማንችስተር ሲቲን በሜዳው 3 ለ 1 አሸነፉት። ያን ጊዜ የሳቀው ሰው ሁሉ ዝም አለ።

የካቲት 6 ቀን ግን ሐዘን ሆነ። ከአርሰናል ጋር 1 ለ 1 ሆነው ሳለ፣ መደበኛው ሰዓት አልቆ በተጨመረው ደቂቃ አርሰናል አገባ። ሌስተር 2 ለ 1 ተሸነፈ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የቀረው ልዩነት 2 ነጥብ ብቻ ሆነ። እንግዲህ አለቀላቸው ተባለ። ራኒየሪ ምን አደረጉ? አልተቆጡም። ለተጫዋቾቹ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሰጧቸው።

ከዕረፍት ተመልሰው የተጫወቱት 12 ጨዋታ ነው። 8ቱን አሸነፉ። በ4ቱ እኩል ወጡ። አንዴም አልተሸነፉም። ከነዚህ ውስጥ አራቱን ተከታታይ ጨዋታዎች 1 ለ 0፣ 1 ለ 0፣ 1 ለ 0፣ 1 ለ 0 ነው ያሸነፉት። አንድ ግብ ትንሽ ናት። የምታስገኘው ግን ሙሉ 3 ነጥብ ነው።

በሚያዝያ ወር ከዌስትሃም ጋር ሲጫወቱ ቫርዲ በቀይ ካርድ ወጣ። ዌስትሃም 2 ለ 1 ይመራ ጀመር። ሰዓቱ አልቆ ዳኛው ሊነፋ ሲል ሌስተር ፍጹም ቅጣት ምት አገኘና አገባ። 2 ለ 2 ሆኑ። አንድ ነጥብ ተገኘች። ይህችን አንድ ነጥብ ልብ በሉ።

የፋሲካ ማግስት

ሚያዝያ 23 ቀን 2008 ዓ.ም. በእኛ አገር ፋሲካ ነበር። በዚያ ዕለት ሌስተር ከማንችስተር ዩናይትድ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ለሌስተር ያገባው አምበሉ ሞርጋን ነው። የሌስተር ነጥብ 77 ሆነ። 2 ጨዋታ ይቀረዋል።

የሚከተለው ቡድን ቶተንሃም ነበር። 69 ነጥብ አለው። 3 ጨዋታ ይቀረዋል። ሦስቱንም ቢያሸንፍ 9 ነጥብ ይጨምራል። 69 እና 9 ሲደመር 78 ነው። 78 ደግሞ ከ77 ይበልጣል። ስለዚህ ነገሩ ገና አልተቆረጠም።

በማግስቱ ሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ቶተንሃም ከቼልሲ ጋር ገጠመ። የሌስተር ተጫዋቾች ቫርዲ ቤት ተሰብስበው በቴሌቪዥን ያያሉ። ለዕረፍት ሲወጡ ቶተንሃም 2 ለ 0 ይመራል። ከዕረፍት በኋላ ቼልሲ አንድ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ 7 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኤደን አዛር የሚባለው የቼልሲ ተጫዋች ሁለተኛውን አገባ። 2 ለ 2 አለቀ።

እስቲ አሁን እንደምር። ቶተንሃም በ69 ላይ 1 ጨምሮ 70 ሆነ። የቀሩትን 2 ጨዋታዎች ቢያሸንፍ 6 ነጥብ ያገኛል። 70 እና 6 ሲደመር 76 ነው። ሌስተር 77 አለው። በቃ! ሌስተር ሻምፒዮን ሆነ።

ያችን የዌስትሃም አንድ ነጥብ አስታወሳችሁ? እሷ ባትኖር ኖሮ ሌስተር 76 ይሆን ነበር። ቶተንሃምም 76 መድረስ ይችል ነበር። በዚያ ሌሊት ሌስተር ከተማ በእልልታ ባልተናወጠች ነበር።

ሠንጠረዡን እናንብብ

ዓመቱ ሲያልቅ የመጀመሪያዎቹ አራት ቡድኖች እንዲህ ሆኑ፦

1ኛ ሌስተር፦ 23 አሸነፈ፣ 12 እኩል ወጣ፣ 3 ተሸነፈ። ነጥብ 81።
2ኛ አርሰናል፦ 20 አሸነፈ፣ 11 እኩል ወጣ፣ 7 ተሸነፈ። ነጥብ 71።
3ኛ ቶተንሃም፦ 19 አሸነፈ፣ 13 እኩል ወጣ፣ 6 ተሸነፈ። ነጥብ 70።
4ኛ ማንችስተር ሲቲ፦ 19 አሸነፈ፣ 9 እኩል ወጣ፣ 10 ተሸነፈ። ነጥብ 66።

ቫርዲ 24 ግብ አገባ። ማህሬዝ 17 አገባ። ማህሬዝን የሊጉ ተጫዋቾች ራሳቸው የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህስ?

ደስታ ሁልጊዜ አይቆይም። ካንቴ ወዲያው ወደ ቼልሲ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ሌስተር ደከመ። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ራኒየሪ ተሰናበቱ። ዋንጫውን ካመጡ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ብዙ ሰው አዘነላቸው።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የባሰ ሐዘን መጣ። የቡድኑ ባለቤት የታይላንድ ሰው ነበሩ። ከጨዋታ በኋላ ከስታዲየሙ በሄሊኮፕተር ሲነሱ ሄሊኮፕተሩ ወደቀ። እሳቸውና አብረዋቸው የነበሩ 4 ሰዎች ሞቱ።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሌስተር ኤፍ ኤ ካፕ የተባለውን ሌላ ዋንጫ ወሰደ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን ከትልቁ ሊግ ወረደ። በ2016 ተመልሶ ወጣ። በ2017 እንደገና ወረደ።

እንዲህ ነው። መውጣትም መውረድም አለ። የ2008ቱ 81 ነጥብ ግን ተጽፏል። የተጻፈውን ማንም አይፍቀውም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። ሌስተርም የሄደው እንዲሁ ነው። እናንተ ደግሞ ሌላ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። 23 በ3 ሲባዛ ስንት ነው? 12 ሲጨመርበትስ? 81 መጣ? ጎሽ። አሁን ደግሞ የአርሰናልንና የቶተንሃምን ነጥብ በዚሁ ዓይነት አውጡ። መልሱ ከላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ።