ከግቢ የመጣ ልጅ፦ በወረርሽኝ ጊዜ በየቤታችን ስንል የነበረውና እውነታው

መጋቢት 2012 ከሆሳዕና ወደ እኛ ከተማ ወደ ጃጁራ የሚመጡት መኪኖች የጫኑት የገበያ ሸቀጥ ብቻ አልነበረም። የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ዚፑ የተበጠሰ ሻንጣ፣ እጀታው በገመድ የታሰረ ባልዲም ነበረበት። ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐረማያ የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዕቃ ነው። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቻቸውን ግቢ ውስጥ ይዘው እንዲቆዩ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ልጆቹ ወደየቤታቸው ተሸኙ።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። እናታችን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ነበርና እጇን እንኳ ሳትታጠብ ወጥታ «ተመስገን! ልጄ ቤቱ ገባ፣ አሁንማ ምን አለብን» አለች። ሁላችንም እንደሷ ነው ያመንነው። በፍቅር ካደረግናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ልጁን እንደከበዱት የገባኝ እሱ ወደ ግቢ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ምክንያት ያወጀውን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 አንስቷል። ሌላ ወረርሽኝ ግን አይመጣም ያለን የለም፤ ዛሬም ከሶሮ፣ ከዱራሜ፣ ከሆሳዕና ልጆቻችንን ወደ ሩቅ ግቢ እንልካለን፤ የሌላ አካባቢ ልጆችም ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ብለው እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ያኔ ስንላቸው የነበሩትን አባባሎች አንድ በአንድ ማንሳት የፈለግሁት ለዚህ ነው።

«ቤቱ ከገባ ምን ይሆናል?»

ቤት መግባት ከበሽታው ሊያስጥል ይችላል። ልጁ ግን ግቢ ጥሎት የመጣውን ነገር ቤቱ አያገኘውም። ዶርም ማለት ተደራራቢ አልጋ ብቻ አይደለም። ካፌ አብሮ መሰለፍ አለ፣ ላይብረሪ ለጓደኛ ቦታ መያዝ አለ፣ ከፈተና በፊት እስከ እኩለ ሌሊት አብሮ ማምሸት አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ፌሎሺፕ ወይም ግቢ ጉባኤ አለ። በ19 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ራሱን ችሎ መኖር የጀመረ ልጅ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲቋረጥበት ያዝናል። ሐዘን መሆኑን የሚነግረው ሰው ከሌለ ደግሞ ስንፍና ይመስለዋል፤ ለእኛም ስንፍና ይመስለናል።

ከዚያ ደግሞ ቀኑ የማይታወቅ ጥበቃ መጣ። መጀመሪያ 15 ቀን ተባለ፤ 15ቱ ቀን ወራት ሆነ። በ2013 መጀመሪያ ላይ ጥሪ ሲወጣም ቅድሚያ የተሰጠው ለተመራቂዎች ነበር፤ ሌላው ባች ተራውን ጠበቀ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ራሱ እስከ የካቲት 2013 መጨረሻ ተገፍቷል። በዚህ መሀል መንገድ ላይ ያገኘው ጎረቤት ሁሉ «መቼ ነው የምትመረቀው?» ይለዋል። ጠያቂው በጎ አሳቢ ነው፤ ተጠያቂው ግን መልሱን ከማንም በላይ የሚፈልግ፣ እንደማንም የማያውቅ ሰው ነው።

አባታችን መፍትሔው ሥራ ነው አለ። «ከመቀመጥ እርሻ ያግዘኝ።» ግማሹ ልክ ነበር። ጉልበት ያለው ሥራ ሰውነትን ያፍታታል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚሠራ ልጅም ራሱን እንደ ሸክም አያይም። ያላየነው ሌላውን ግማሽ ነው። ደብተሩን ዘርግቶ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው «እስቲ ያንን አቀብለኝ»፣ «ከብቶቹን እያቸው»፣ «ሱቅ ድረስ ብቅ በል» ይባል ነበር። እየተላከ የዋለ ልጅ በዚያ ቀን ምን እንዳነበበ ሲጠየቅ የሚመልሰው የለውም። በኋላ የሠራልን ቀላል ነገር ነው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ማንም አይጠራውም፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ልጅ ነው። ይህን የተስማማነው ግን በአራተኛው ወር ነው።

«ወጣትን አይነካም»

ኮቪድ ብዙ ወጣቶችን በቀላሉ ያለፈ መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ ወረርሽኝ ወጣት አይነካም ማለት ግን ታሪካችንን መርሳት ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ እያስታወስን ነው። ያ ኢንፍሉዌንዛ በመላው ዓለም ከሕፃንና ከሽማግሌው በተጨማሪ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን ጎልማሶች በብዛት የቀጠፈ ነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ በ26 ዓመታቸው ታመውበት ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀጣዩ በሽታ የትኛውን ዕድሜ እንደሚመርጥ ቀድሞ አይታወቅም።

ኮቪድም ቢሆን ልጁን ባያሳምመው በልጁ በኩል አያቱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ምልክት ሳያሳይ የሚያስተላልፍ ሰው መኖሩ ነበር ነገሩን ያከበደው። እኛ አገር ደግሞ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት፣ ከአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ተማሪውን «አንተን አይነካህም» ከማለት «አያትህን የምትጠብቅልን አንተ ነህ» ማለት እውነትም ነው፣ ኃላፊነትም ይሰጠዋል።

«ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ካለ…»

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ ምግብ ናቸው፤ በልክ ቢበሉ ክፋት የላቸውም። በሽታውን እንደሚከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። አረቄ ጉሮሮ ያቃጥላል እንጂ ሰውነት ውስጥ የገባ ቫይረስ አይገድልም። የኮቪድ ቫይረስ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ ስለሆነ ሳሙና ሽፋኑን ይበትነዋል፤ 20 ሰከንድ መታሸት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ለልጅ ሻንጣ ከፌጦው ጋር ሁለት ሳሙና መጨመር አይከፋም።

«ከግቢ የመጣ በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው»

ይህን የሚሉት ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዳንዴ ዘመድም። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ከሚያድርበት ቦታ የመጣ ሰው ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። ስህተቱ መለየትንና ማግለልን አንድ አድርጎ ማየት ነው። መለየት ያኔ 14 ቀን ይቆጠርለት የነበረ፣ የሚያልቅ ነገር ነው። ማግለል ቀን የለውም።

የእኛ ቤት ሁለት ክፍል ናት። ለወንድሜ ኩባያና ሳህኑን ለየንለት፤ መስኮቱ ቀን ሙሉ ተከፍቶ ይውል ነበር፤ አያታችን ወደ አጎቴ ቤት ሄደች። እናታችን ደጁ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ቡናውን እዚያ ሆና ታፈላለች፤ ሁለት እርምጃ ርቃ ታወራዋለች። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ እየሳቁ ነው። በሌላ ቤት ደግሞ ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው ሳያናግሩት የሚሄዱበት ልጅ ነበር። ሁለቱም ቤቶች በሽታን በመከላከል በኩል እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል።

«ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል»

ጓሯችን ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ኔትወርክ የሚገኝባት አንዲት ቦታ አለች። ወንድሜ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ እናይ ነበር። ጨዋታ መሰለን። እሱ የክፍል ጓደኞቹ በቴሌግራም የላኩለትን የትምህርት ማስታወሻ እያወረደ ነበር፤ አንዱ ፋይል ግማሽ ላይ ሲቆም እንደገና ይጀምራል። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተቋርጦ ሳምንታት ሲቆይ ያችም ነገር ቀረች፤ ከጓደኞቹ የሚሰማው ነገር ሁሉ አብሮ ጠፋ። ያን ሰሞን ነው መብላት የቀነሰው። እኛ ግን «ኔትወርኩ ሲጠፋ እንኳን ተገላገለ» ስንል ነበር።

ወላጅ ስልክ ላይ መቆጣጠር ያለበት ሰዓቱን ነው። ሌሊት እስከ 9 ሰዓት የሞት ዜናና ወሬ ሲያገላብጥ የሚያነጋ ልጅ እንቅልፉ ይዛባል፤ እንቅልፍ ሲዛባ ሐሳብ ይጠቁራል። ቀን ከጓደኛው ጋር ማውራቱ ግን መድኃኒቱ ነው።

«ሴት ልጅ ቤት ከመጣች እናቷን ታግዛለች»

ታግዛለች፣ ማን ይክዳል። ነገር ግን ያ የሚሆነው ወንድሟ በሚያነብበት በዚያው ሰዓት ከሆነ፣ የወረርሽኙን ዋጋ እሷ ብቻዋን ከፈለች ማለት ነው። ውኃ መቅዳቱ፣ እንሰት መፋቁ፣ እንግዳ ማስተናገዱ ተደምሮ ማታ ደብተር የምታነሳበት ዓይን አይተርፋትም። በዚያ ላይ «ትምህርቱ እንደሆን ቆሟል» እያለ የሽማግሌ ወሬ የሚያመጣ አይጠፋም። የቆመው ትምህርት እንደሚቀጥል፣ መመለሷም የተቆረጠ ነገር መሆኑን አባት በግልጽ፣ እንግዳ ፊት ሲናገር መስማት ለልጅቱ ትልቅ ነገር ነው።

«ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው»

ከሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በሐዲያና በከምባታ ቤተ ክርስቲያን የሳምንቱ ምሰሶ ናት። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ተማሪው ግቢውን ብቻ ሳይሆን መዘምራኑንም አጣ። ጸሎት ለብዙዎቻችን የጸናንበት ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ የተጨነቀን ልጅ «ጸልይ እንጂ፣ ምን ጎደለህ?» ብሎ ከማለፍ ጋር ነው። እኔ ራሴ ወንድሜን «በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህም?» ብዬዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል ለእኔ ምንም አልነገረኝም።

የአእምሮ ሕመም በአብዛኛው የሚጀምረው በወጣትነት ነው፤ ከሦስቱ አራተኛ የሚሆነው 24 ዓመት ሳይሞላ እንደሚጀምር በሰፊው ተጠንቷል። የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ማለት ነው። ወባ የእምነት ማነስ እንዳልሆነ ሁሉ ድባቴም አይደለም። እንቅልፍ ማጣት ወይም ቀን ሙሉ መተኛት፣ ምግብ መጥላት፣ ይወደው ከነበረው ነገር መራቅ፣ ያለ ምክንያት ቁጣ፣ «እኔ ለምንም አልረባም» ማለት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አማኑኤል። ሐኪም ዘንድ መሄድና መጋቢ ዘንድ መሄድ አይጣሉም፤ አስተዋይ መጋቢ ራሱ «ሐኪም ይየው» ይላል።

አንድ ልጅ መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ በቀጥታ መጠየቅ አለበት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብዙ ወላጅ ጥያቄው ሐሳቡን እንዳያመጣበት ይፈራል። አያመጣም፤ እንዲያውም የብዙዎችን ሸክም ያቀላል። ከዚያ ብቻውን አይተዉት፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዱት። ለእርሻ የተገዛውን ፀረ ተባይ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሰው ሳይታመምም መደረግ ያለበት ነው። የመከራው ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል።

«ብር ከላክንለት ሌላውን ግቢው ያውቃል»

ጥሪ ወጥቶ ልጆቹ ሲመለሱ የቤተሰብ ሐሳብ ወደ ብር ዞረ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብና ዶርሙ በኮስት ሼሪንግ ይሸፈንለታል፤ ዕዳውን ተመርቆ ነው የሚከፍለው። ለሳሙና፣ ለሞዴስ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለስልክ ካርድ ግን ቤት ይጠበቃል። እኛ ሰፈር ደግሞ ያ ብር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከሚሠራ ታላቅ ወንድም ነው። ደቡብ አፍሪካ መጋቢት 18 ቀን 2012 እንቅስቃሴ ስታግድ የብዙ ሰው ገቢ ነጠፈ። ተማሪው ይህን በወሬ ይሰማል፤ ብር መጠየቅ ያፍራል፤ ስልክ ሲደወልለት «ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም» ይላል።

እዚህ ላይ የሚረዳው እውነቱን መናገር ነው። «በዚህ ወር ይህን ያህል እንልካለን፣ በሚቀጥለው ላይኖረን ይችላል» የተባለ ልጅ ያለውን አብቃቅቶ ይኖራል። ያልተነገረው ግን ቤቱ ስለሱ ብሎ እየተራበ ይመስለዋል።

ዩኒቨርሲቲውም ሁሉንም አያውቅም። ከተመለሱ በኋላ የተቋረጠው ሴሚስተር በአጭር ጊዜ ተጨምቆ ሲሰጥ፣ ፈተና በፈተና ላይ ሲደረብ፣ አንድ መምህር ከብዙ መቶ ተማሪ መሀል የማን ፊት እንደጠቆረ ሊለይ አይችልም። የዶርም ጓደኛ ግን ይለያል። ወላጅ የአንድ የዶርም ልጅ ስልክ ቁጥር ቢይዝ፣ ልጁም ይህን እያወቀ ቢሆን፣ መልካም ነው።

ወንድሜ ከተመለሰ በኋላ እናታችን በሳምንት ሁለት ቀን ትደውልለት ነበር። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዋ ሁለት ነበር፦ «ደህና ነህ?» እና «ትምህርት እንዴት ነው?» ለሁለቱም መልሱ «ደህና» ነው፤ ካርዱ ሳይቆጥር ይዘጋል። አንድ ቀን ግን እንዲሁ ሲላት «ትናንት ራት ከማን ጋር በላህ?» ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። ከዚያ «ብቻዬን» አለ። ካርዱ እስኪያልቅ አወሩ፤ እኔም ሱቅ ሄጄ ሌላ ካርድ ገዛሁ።